ካርታ የሌለው ፕሮግራም

ቡራዩ አሸዋ ሜዳ፣ ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶኮፒ ማሽን፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ፣ ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ የንግድ ፈቃድ። ባለቤቷን ካወቅኋት ቆይቻለሁ፤ ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የቤት ኪራይ ውል ታትማለች፣ ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ሲቪውን ታሳምርለታለች። አንድ ጠዋት መታወቂያዬን ፎቶኮፒ እስክታደርግልኝ ስጠብቅ፣ ስክሪኗ ላይ ከታች በቀኝ በኩል ደብዘዝ ያለች ጽሑፍ አየሁ። ዊንዶውሱን አክቲቬት አድርጊ ትላለች።

«እሷን ተዋት፤ ስታበግነኝ ነው የከረመችው» አለችኝ። «ባለሙያ አምጥቼ፣ ከፍዬ ባስጭን፣ ወር ሳይሞላት ተመልሳ ቁጭ! ወንድሜ፣ ገዝቼዋለሁ እኮ!»

«ምኑን ነው የገዛሽው?»

«ዊንዶውሱን ነዋ!»

የገዛችው ዊንዶውሱን አልነበረም። የከፈለችው የጫኚውን ልጅ የእጅ ዋጋ ነው፤ ፎርማት ያደረገበትን፣ ከፍላሽ የጫነበትን፣ ሁለት ሰዓት የተቀመጠበትን። ከማይክሮሶፍት ጋር የሚያገናኛት ምንም ነገር አልተፈጸመም። ነገሩን ላስረዳት ስሞክር ግን ሶፍትዌር፣ ኮፒራይት እያልኩ መጀመሩ እንደማያዋጣ ገባኝና ወደ መሬት ወረድኩ። ቡራዩ ውስጥ ስለ መሬት ማውራት የማይገባው ሰው የለም።

ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ እኛ ግን በድሮ ስማቸው መጥራቱን አልተውንም። እዚህ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ቤቱንና ቦታውን ለይቶ ያውቃል። ብሎኬቱ፣ ቆርቆሮው፣ በሩ የራሱ ነው። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እሱ የያዘው የመጠቀም መብት ነው። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የተፈቀደው ዘመን 99 ዓመት ነው። የይዞታ ካርታው ላይ ስንት ካሬ ሜትር እንደሆነና ለምን አገልግሎት እንደተሰጠ ተጽፏል፤ ለመኖሪያ የተሰጠውን መጋዘን አድርጌ ላከራየው ቢል ጥያቄ ይነሳበታል። ካርታ የሌለው የጨረቃ ቤትም እኮ ቤት ነው። ጣሪያው ዝናብ ይከላከላል፣ ልጅ ያድግበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል። ልዩነቱ ባለቤቱ ወደ ባንክ ይዞት የሚሄደው ወረቀት የሌለው መሆኑና በር በተንኳኳ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ማለቱ ነው።

ኮምፒውተሩ ዕቃ ነው አልኳት፤ ገዝተሽዋል፣ ያንቺ ነው። በላዩ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ግን እንደ መሬቱ ነው። የጻፈው ሰው ወይም ድርጅት ባለቤትነቱን እንደያዘ ይቀራል፤ ለአንቺ የሚሰጥሽ እንዲህ አድርገሽ ተጠቀሚበት፣ እንዲህ ግን እንዳታደርጊ የሚል ፈቃድ ነው። የሶፍትዌር ላይሰንስ የምንለው ይኸው ፈቃድ ነው። ስንጭን «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» እያልን የምናልፈው፣ «እስማማለሁ» የምትለዋን ሣጥን ሳናነብ ምልክት የምናደርግባት ያ ረጅም ጽሑፍ ካርታችን ነው።

ለወንበር ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ወንበርሽን ብወስድብሽ አንቺ ትቆሚያለሽ፤ ሌብነቱ በዓይን ይታያል። ፕሮግራምሽን በፍላሽ ብገለብጥ ግን ያንቺም አለ፣ የእኔም አለ። መገልበጡ ወጪ ስለሌለው ነው ሕግ መገልበጥን ራሱን የደራሲው መብት ያደረገው። እኛ አገር ይህ የተደነገገው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍና ከመጣጥፍ ጎን ያሰልፈዋል፤ ለሕጉ ፕሮግራም የተጻፈ ሥራ ነው። ጥበቃውን ለማግኘት መመዝገብ አያስፈልግም፤ መብቱ ሥራው ሲፈጠር አብሮ ይፈጠራል፣ ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ሌላ ሥራ ላይ ለግል መጠቀሚያ አንድ ቅጂ ማንሳት ይፈቀዳል፤ ፕሮግራም ላይ ግን ይህ አይሠራም። በሕጋዊ መንገድ ያገኘው ሰው ምናልባት ይጠፋብኛል ብሎ መጠባበቂያ ቢያስቀምጥ ግን ችግር የለውም።

ወጣት ፕሮግራም ጻፊዎች በብዛት የሚስቱት ነገር እዚህ ላይ አለ። ጊትሃብ የተባለው የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ የተለጠፈ ኮድ ሲያዩ ለሕዝብ የተለቀቀ ይመስላቸዋል። ከኮዱ ጋር የፈቃድ ጽሑፍ ከሌለ ግን ማየት ይቻላል እንጂ ወስዶ መጠቀም አልተፈቀደም። ሕጉ የሚነሳው ሁሉም ነገር ክልክል ነው ከሚል ነው፤ ፈቃዱ ነው በሩን የሚከፍተው።

ፈቃዶች ሁለት ትልልቅ ጎራ አላቸው። አንደኛው ዝግ ነው፤ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ አይታይም፣ መጠቀም እንጂ መለወጥም ማከፋፈልም አይቻልም። በዚህ ጎራ ውስጥ ዋናው ጭቅጭቅ ስንት ማሽን፣ ስንት ሰው፣ እስከ መቼ የሚለው ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ከፋብሪካ ተጭኖ የሚመጣው ዊንዶውስ ፈቃዱ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው። ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ ነቅሎ ሌላው ላይ መትከል የለም። ቁልፉ ቀድሞ ከላፕቶፑ ጀርባ በሚለጠፍ ወረቀት ላይ ነበር፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በአብዛኛው ማዘርቦርዱ ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። ስለዚህ ከመርካቶ አሮጌ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ሳያውቀው ሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ሊሆን ይችላል። አሳዛኙ ነገር ጫኚው ልጅ ያንን ሳያይ ፎርማት አድርጎ ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ጥበቃው የተሰበረ፣ ሌላ ዓይነት መጫኑ ነው። ካርታ ያለውን ቤት አፍርሶ በቦታው የጨረቃ ቤት እንደመሥራት ማለት ነው።

ሌላው በየዓመቱ የሚታደሰው ነው፤ ገንዘቡ ሲቋረጥ ፕሮግራሙም ይቆማል። የንግድ ፈቃዱን በየዓመቱ ለሚያድስ ነጋዴ ይህ እንግዳ አይደለም፤ የሚከብደው በዶላር መከፈሉ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ስታነቡ «ፒችትሪ የሚችል» የሚል አይጠፋበትም። ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ሴጅ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ገዝቶት፣ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ሴጅ 50 በሚል ስም ነው የሚሸጠው። እኛ ዘንድ ግን ስሙ እንኳን አልተለወጠም። በየማሠልጠኛው የሚያስተምሩት ያንኑ የጥንቱን ቅጂ ነው፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተሻገረ ትውልድ አሳድጓል። በእኔ ግምት ይህ የሆነው አዲሱ ስለጠፋ ሳይሆን አዲሱን ያለ ክፍያ ማግኘት ስለከበደ ነው። የሒሳብ ትምህርታችንን በአንድ ዘመን ላይ የቸነከረው ላይሰንስ ነው፤ ይህን ግን የሚያነሳ የለም።

ስለ ዝግ ፈቃድ ካነሳን ዊንራርን ሳንጠቅስ አናልፍም። የታመቀ ፋይል የሚፈታው ይህ ፕሮግራም ለሙከራ የሚሰጠው 40 ቀን ነው። 40ው ሲሞላ ግዙኝ እያለ ይለምናል እንጂ አይዘጋም። እኔ ቤት ያለው ተዝካሩን ካወጣ ስንት ዓመቱ፤ አሁንም በጠዋት ተነስቶ ሥራውን ይሠራል። ያልተዘጋ በር ሁሉ ግን የተፈቀደ በር አይደለም። ፈቃዱ ላይ ከ40 ቀን በኋላ ክፈል ይላል፤ አለመክፈሌ የእኔ ዕዳ ነው።

ሁለተኛውን ጎራ ለማስረዳት ፈረንጆቹ ብዙ ይደክማሉ። በእንግሊዝኛ ገንዘብ የማይከፈልበትም፣ አርነት ያለውም በአንድ ቃል ነው የሚጠሩት፤ ስለዚህ አንዴ ቢራ አንዴ ንግግር እያነሱ ይለያሉ። አማርኛ አንዲት ፊደል ይበቃዋል። «በነፃ» ያገኘሁት ፕሮግራም ብር ያልከፈልኩበት ነው። «ነፃ» ፕሮግራም ግን ሌላ ነው፤ ኮዱ የሚታይ፣ ለፈለጉት ዓላማ የሚጠቀሙበት፣ የሚለውጡት፣ ለሌላ የሚያካፍሉት ነው። በነፃ ሆኖ ነፃ ያልሆነ ሞልቷል። ከሩቅ ሆኖ የሌላውን ኮምፒውተር ለመቆጣጠር የምንጠቀምባቸው እንደ ቲምቪወር ያሉት ለግል ጉዳይ በነፃ ናቸው፤ ደንበኛ ኮምፒውተር እየጠገንክ ከሠራህበት ግን ንግድ ነውና መክፈል አለብህ ይላሉ። ነፃ ሆኖ በነፃ ያልሆነም አለ፤ ነፃ ፕሮግራምን ጭኖ፣ አስተካክሎ፣ አሠልጥኖ ገንዘብ መቀበል የተፈቀደ ነው።

የነፃ ሶፍትዌር ታሪክ የሚጀምረው ወረቀት ከነከሰ ማተሚያ ነው። የጽሕፈት ሱቅ ያለው ሁሉ ይህን ሕመም ያውቃል። ሪቻርድ ስቶልማን አሜሪካ፣ ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠራ ነበር። ከዜሮክስ የተሰጣቸው የሌዘር ማተሚያ ወረቀት እየነከሰ ይቆማል፤ ማተሚያው ሌላ ፎቅ ላይ ስለሆነ ሰው ሥራዬ አልቋል ብሎ ሲሄድ ገና አንድ ገጽ አልወጣም። ስቶልማን የቀድሞውን ማተሚያ ፕሮግራም አስተካክሎ፣ ወረቀት ሲነክስ ለሚጠብቁት ሁሉ መልእክት እንዲልክ አድርጎት ነበር። ለአዲሱም እንደዚያው ላድርግለት ብሎ ኮዱን የያዘውን ሰው ቢጠይቅ፣ ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ ብሎ መለሰው። ማተሚያው የእነሱ ነው፣ ሕመሙ የእነሱ ነው፣ መድኃኒቱን የሚያውቀው ሰውም አጠገባቸው አለ፤ ፈቃዱ ግን የለም። ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን የነፃ ሶፍትዌር ሥራ አወጀ፤ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ አወጣ።

ጂፒኤልን ባዕዳን ተቃዋሚዎቹ እንደ ተላላፊ በሽታ ይገልጹታል። እኔ እርሾ ነው እላለሁ። ሊጥ የምታቦካ ሴት እርሾ ሲጠፋባት ጎረቤቷን ትጠይቃለች፤ ጎረቤትም አትከለክልም። በዚያ እርሾ የተቦካው ሊጥ ሁሉ ራሱ እርሾ ይተርፈዋል፤ ነገ ሌላዋ ስትመጣ እሷም ትሰጣለች። ጂፒኤል ይህን ባህል በጽሑፍ ግዴታ አድርጎታል። በዚህ ፈቃድ የተሰጠህን ኮድ ውሰድ፣ ለውጥ፣ ሽጠው እንኳን ከፈለግህ፤ ነገር ግን የሠራኸውን ለሌላ ስትሰጥ ኮዱንም በዚሁ ፈቃድ አብረህ ስጥ ይላል። ልብ በሉ፣ ግዴታው የሚመጣው ለሌላ ሲሰጥ ነው። ቤትህ ጋግረህ ቤትህ ከበላህ ማንም እርሾህን አይጠይቅህም። አንድ ድርጅት የጂፒኤል ፕሮግራም ለውጦ ለውስጥ ሥራው ብቻ ቢጠቀም የሚያወጣው ነገር የለም።

በተመሳሳይ ጎራ ላላ ያሉ ፈቃዶችም አሉ። ኤም አይ ቲ እና ቢ ኤስ ዲ የሚባሉት ስሜን ከላዩ አትፋቅ፣ ቢበላሽ እንዳትከሰኝ፣ ከዚያ ውጭ የፈለግኸውን አድርግ ነው የሚሉት፤ ወስደህ ዝግ ብታደርገውም አይከፋቸውም። የሞዚላው ፈቃድ መሃል ላይ ነው፤ የለወጥከውን የእኔን ፋይል አሳይ፣ አጠገቡ የጨመርከው የራስህ ፋይል ግን ያንተ ጉዳይ ነው ይላል።

እነዚህ ነገሮች ሩቅ አገር ያሉ ይመስላሉ። ግን ለፋይዳ መታወቂያ ለመመዝገብ ሰልፍ የያዘ የሱሉልታ ሰው ጣቱን ማሽኑ ላይ ሲያሳርፍ ከኋላ የሚሠራው ሞሲፕ የተባለ ሥርዓት ነው። ሞሲፕ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕንድ ባንጋሎር ከሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም የተነሳ፣ በሞዚላ ፈቃድ የተለቀቀ ኮድ ነው። ኢትዮጵያ ወስዳ በራሷ ቋንቋዎችና በራሷ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ ሠራችበት። ሚሊዮኖችን የሚመዘግብ ሥርዓት በሰው ብዛት ላይሰንስ ቢከፈልበት ሒሳቡ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ነው። ጤና ጣቢያ ስትሄዱም እንደዚያው ነው፤ ስንት ሕፃን ተከተበ፣ ስንት እናት ወለደች የሚለው ሪፖርት ከወረዳ ወደ ጤና ሚኒስቴር የሚሄደው ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በሚባል፣ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሚያስተባብረው ፕሮግራም ነው፤ ፈቃዱ ቢ ኤስ ዲ ነው። ያለ ወጪ ነው ማለቴ አይደለም። ሰርቨር ይገዛል፣ ባለሙያ ይቀጠራል፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ይነሳል። የሚቀረው ለፈቃዱ የሚከፈለው ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ግን ነገ አቅራቢው ዋጋ ቢጨምር ወይም ቢዘጋ ኮዱ እጅ ላይ ይቀራል።

ፈቃድ የሰው ሕይወት ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ግን ሰበታን የመሰለ ቦታ የለም። ሰበታ ስንል ሜታ ቢራ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር መዳረሻ፣ ከዚያም መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ይታወሰናል። ዓይነ ስውር ሰው ኮምፒውተር የሚጠቀመው ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብለት ፕሮግራም ነው። ለረጅም ዘመን ስሙ የገነነው ጆውስ ነው፤ ዋጋው ለአንድ ሰው አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ከኮምፒውተሩ በላይ ማለት ነው። የሚያይ ሰው ስክሪኑን ለማየት ምንም አይከፍልም፤ የማያይ ሰው ግን ከኮምፒውተሩ ዋጋ በላይ ካልከፈለ ማሽኑ ዝም ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ወጣት በዚህ ተናዶ ኤን ቪ ዲ ኤ የተባለውን ጀመረ፤ ጄምስ ቴህ የተባለ፣ እሱም ዓይነ ስውር፣ ጓደኛው ተባበረው። ፈቃዱ ጂፒኤል ነው። አሁን ማንም ያወርደዋል፣ በፍላሽ ይዞ ጓደኛው ኮምፒውተር ላይ ይከፍተዋል፤ በፍላሽ መስጠቱም ወንጀል ሳይሆን ፈቃዱ ራሱ የሚፈቅደው ነው።

አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው አንባቢ ድምፅ አማርኛም ያነባል። ሮቦት ሮቦት ይሸታል፤ የፊደል መጥበቅና መላላት ላይም ይቸገራል። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ «ገና» የሚለው በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው ማሽኑ ከጽሑፉ ብቻ አያውቅም። ሰበታ መግቢያ ያለችውን ዓለም ገናን አንብብ ቢባል ምን ብሎ እንደሚጠራት ጉድ ነው። ዝግ ፕሮግራም ቢሆን ለኩባንያው ደብዳቤ ጽፎ መጠበቅ ነበር፤ የኢትዮጵያ ገበያም ትንሽ ስለሆነ መልሱ ይዘገያል። እዚህ ግን የአማርኛው የአነባበብ ደንብ ማንም ሊከፍተው በሚችል የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። አማርኛ የሚያውቅ፣ ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው ገብቶ ያስተካክለዋል፤ ፈቃዱ አድርግ ይለዋል። በጎን ልጥቀስና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የተቀላቀለችው የማራኬሽ ስምምነትም ለመጻሕፍት ያደረገው ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ለዓይነ ስውራን በሚሆን መልክ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የደራሲውን ፈቃድ መጠበቅ ቀርቷል።

ወደ ጽሕፈት ሱቋ ልመለስ። ፊደልም ፈቃድ አለው ስላት አላመነችኝም። ኮምፒውተር ላይ ያለ የፊደል ቅርጽ፣ ፎንት የምንለው፣ በፈቃድ ረገድ እንደ ፕሮግራም ነው፤ ከእያንዳንዱ ጋር የፈቃድ ጽሑፍ ይመጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙዎቻችን የለመድነው ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ነው፤ የማይክሮሶፍት ነው። በእሱ ደብዳቤ ጽፎ ማተም፣ ባነር መሥራት ችግር የለውም። ፋይሉን ራሱን አውጥቶ ስልክ መተግበሪያ ውስጥ ከትቶ ማከፋፈል ግን አልተፈቀደም። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለው ደግሞ ክፍት የፎንት ፈቃድ ነው ያለው፤ መተግበሪያ ውስጥ ክተተው፣ ቅርጹን ለውጠው፣ አከፋፍለው፤ ለብቻው አትሽጠው፣ ከለወጥከውም በተጠበቀው ስም አትጥራው ብቻ ነው የሚለው። ሁለቱም ስክሪን ላይ «ሀ» ብለው ይወጣሉ። የሚለያዩት ካርታቸው ላይ ነው።

ይህ ደግሞ የአገር ልጆች ሥራ ላይ ሲመጣ ያማል። ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን የሠሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ዩኒኮድ ሳይዳረስ ጽሕፈት ሱቁም፣ ጋዜጣውም፣ መሥሪያ ቤቱም በእነሱ ነው የጻፈው። ስንቱ ሱቅ ከፍሎ ጫናቸው? የውጭዎቹን በተመለከተ ሕጉ ላይ ክርክር ማንሳት ይቻላል፤ ኢትዮጵያ የቅጂ መብትን በአገሮች መካከል ከሚያስከብረው እ.ኤ.አ. ከ1886ቱ የበርን ስምምነት ውጭ ለረጅም ዘመን ቆይታለች፣ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆንም እ.ኤ.አ. በ2003 አመልክታ ብዙ ዓመት ደጅ ጠንታለች። የአገር ውስጡ ሥራ ላይ ግን ምንም ክርክር የለም፤ አዋጁ በመጀመሪያ የሚጠብቀው እሱን ነው። አዋጁ በ1996 ሲወጣ ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት እንደሚጠብቀው ተጽፎበት ነበር። በክራክ ጥፋት ፖሊስ ቤት ሲያንኳኳ አላየሁም። ሕጉ ግን አለ፤ የጨረቃ ቤትም እኮ ለዓመታት ማንም ሳያንኳኳው ይቆማል።

ከፖሊሱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ክራኩ ራሱ ነው። መጀመሪያ የሚያዘው ነገር አንቲቫይረስህን አጥፋ የሚል ነው። ማን እንደጻፈው የማታውቀውን ፕሮግራም፣ ጥበቃህን አንስተህ፣ ሙሉ ሥልጣን ሰጥተህ ታስገባዋለህ። የቤትህን ቁልፍ ለማታውቀው ሰው ሰጥቶ ውሻውንም አብሮ ማሰር ነው። አንድ ጊዜ የራሴን ፍላሽ እንዲህ ካለ ማሽን ላይ ሰክቼ የተማሪዎቼን ማስታወሻ ሁሉ አቋራጭ ምልክት አድርጎ መለሰልኝ። ፋይሎቹ ተደብቀው ነበርና አገኘኋቸው፤ ያን ቀን ግን ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ፕሮግራም ለሚጽፉት ነው። ሱሉልታ ላይ የማውቀው አንድ ልጅ ለወተት ሰብሳቢ ነጋዴ ፕሮግራም ሠራለት። ጠዋት ገበሬው ስንት ሊትር አስረከበ፣ በወሩ መጨረሻ ስንት ብር ይደርሰዋል የሚለውን የሚያሰላ ነው፤ ጥሩ ሥራ ነበር። ስድስት ወር ቆይቶ ያንኑ ለሌላ ነጋዴ ሊሸጥ ሲል የመጀመሪያው ሰማና ተቆጣ፤ የከፈልኩበት የእኔ ነው አለ። ልጁ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ተሟገተ። ብዙ ሰው ከልጁ ጋር ይቆማል። አዋጁ ግን ከነጋዴው ጋር ነው፤ በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ መጀመሪያውኑ የቀጣሪው ወይም የአዛዡ ነው ይላል። «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለው ሐረግ ላይ ነው ገንዘቡ ያለው። ልጁ በአንድ ገጽ ውል ላይ ኮዱ የእኔ ሆኖ ይቆያል፣ ለአንተ የመጠቀም ፈቃድ ሰጥቼሃለሁ ብሎ ቢያስፈርም ኖሮ ነገሩ ያለቀ ነበር። ያንን ውል ደግሞ የሚጽፉለት እንደ አሸዋ ሜዳዋ ያሉ ሱቆች ናቸው።

ሱቋን በተመለከተ፣ ዊንዶውሱን ትተን ከቢሮ ፕሮግራሙ ጀመርን። ሊብረ ኦፊስ ጫንኩላት፤ የሞዚላ ፈቃድ ነው ያለው፣ የአማርኛ ገጽታም አለው። አንድ የኪራይ ውል ስትከፍት ሠንጠረዡ ትንሽ ተንሸራተተባትና ፊቷ ጠቆረ። አስተካከልነው። ሁለተኛው ሲንሸራተት «ይሄ የእናንተ ነፃ ነገር ጉልበት ነው የሚያስከፍለው» አለች፤ አልተሳሳተችም። ላፕቶፗን ደግሞ ስናየው ከፋብሪካ የመጣ ፈቃድ ነበረው፤ ጫኚው ልጅ ሌላ ዓይነት ዊንዶውስ ስለጫነበት ነው ያልተቀበለው። ትክክለኛውን መልሰን ስንጭን ያለ አንዲት ሳንቲም አክቲቬት ሆነ። ያቺ የጥግ ጽሑፍ ጠፋች።

«ታዲያ ያ ልጅ ምን ነበር የሸጠልኝ?» አለች እየሳቀች።

ስልኳን ተቀበልኳትና ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ፣ ስለ ስልኩ ወደሚለው፣ ከዚያ ሕጋዊ መረጃ ወደሚለው፣ ከዚያ ደግሞ የኦፕን ሶርስ ፈቃዶች ወደሚለው ወሰድኳት። አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የጂፒኤል እርሾ አለበት። ጽሑፉ ይወርዳል ይወርዳል፣ ማለቂያ የለውም፤ ኤም አይ ቲ፣ ቢ ኤስ ዲ፣ አፓቼ፣ ጂፒኤል፣ የማናውቃቸው ሰዎች ስም። በአውራ ጣቷ ወደ ላይ እየገፋች አየች፣ ገፋች፣ አየች።

«ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ውስጥ አለ?»

አንዲት ተማሪ ትራንስክሪፕት ይዛ ገባች፤ ሦስት ኮፒ አለች። ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ወደ ማሽኑ ዞረች።